የጋራ የሚዲያ ማምረቻ ሥርዓትን ከተጠቃሚዎች ማውጫ ጋር ማገናኘት፦ ከቡድን ዕቅድ እስከ ስንብት

በብዙ የኤዲቲንግ ክፍሎች የሞኒተሩ ጥግ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። የተጻፈበት «ኤዲት 1» የሚል የተጠቃሚ ስምና ሁሉም የሚያውቀው የይለፍ ቃል ነው። ኤዲተሩም፣ ረዳቱም፣ ለአጭር ጊዜ የተቀጠረው ባለሙያም በዚሁ ስም ይገባሉ። ሥራው እስከ ሄደ ድረስ ቅር የሚለው የለም። የቀረጻ ፎልደር የጠፋ ዕለት ግን የማከማቻው ምዝግብ ሲከፈት «ኤዲት 1 ሰርዞታል» ይላል፤ ኤዲት 1 ደግሞ ማንም ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ የጋራ ማከማቻ፣ ቀረጻዎችን የሚመዘግብና የሚያፈላልግ የሚዲያ ንብረት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌርና በርካታ የኤዲቲንግ ኮምፒውተሮች ያሉበትን ሥርዓት ከማዕከላዊ የተጠቃሚዎች ማውጫ (የሠራተኞች ስም፣ የይለፍ ቃልና ቡድን በአንድ ቦታ ከሚቀመጥበት ሥርዓት) ጋር አገናኝቶ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም እንዲገባ ለማድረግ የተዘጋጀ ነው። ማውጫው የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ኦፕን ኤልዳፕ ወይም ፍሪ አይፒኤ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም የሚግባቡት በኤልዳፕ፣ ማውጫን ለመጠየቅ በሚያገለግል የጋራ የመገናኛ ደንብ፣ ነው። ኤልዳፕ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ሲሆን ዓላማው ኤክስ 500 የተባለውን ከባድ የማውጫ ሥርዓት ማቅለል ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሦስተኛው ስሪቱ ነው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የወሰድኩት ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ነው፤ ብዙ ድርጅቶች ለቢሮ ሥራ ብለው ቀድሞውኑ የተከሉት እሱን ነውና።

ማገናኘቱ ራሱ ቅጽ ከመሙላት ብዙም አይርቅም። ውጤቱን የሚወስኑት ከቅጹ በፊት የሚሠራው የቡድን ዕቅድና ከቅጹ በኋላ የሚከተለው የፋይል ባለቤትነት ጉዳይ ናቸው። ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ደረጃ 1፦ ቡድኖቹን በወረቀት ላይ ይንደፉ

ወደ ማንኛውም የማዋቀሪያ ገጽ ከመግባትዎ በፊት ማን ምን እንደሚሠራ ይጻፉ። በማምረቻ ሥርዓት ውስጥ የሥራ ድርሻዎች ብዙ አይደሉም፦ ቀረጻ የሚያስገባ፣ ኤዲተር፣ ረዳት ኤዲተር፣ የድምፅ ባለሙያ፣ የቀለም ባለሙያ፣ የግራፊክስ ባለሙያ፣ አይቶ አስተያየት የሚሰጥ ፕሮዲዩሰር፣ የማኅደር ሠራተኛ፣ የሥርዓቱ አስተዳዳሪ። ለእያንዳንዱ ድርሻ በማውጫው ውስጥ አንድ ቡድን ይፍጠሩ፦ «ሚዲያ-ቀረጻ»፣ «ሚዲያ-ኤዲተር»፣ «ሚዲያ-ረዳት» እያሉ። ሁሉንም የሚያቅፍ «ሚዲያ-ሁሉም» የሚባል አንድ ቡድን ይጨምሩና ሌሎቹን በሙሉ አባል ያድርጓቸው። ወደ ሥርዓቱ መግባት የሚችለው የዚህ ቡድን አባል የሆነ ሰው ብቻ ይሆናል። ስሞቹን እዚህ በአማርኛ የጻፍኳቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው፤ በማውጫው ውስጥ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታና ያለ ልዩ ምልክት ይጻፏቸው። ክፍት ቦታ ያለው የቡድን ስም ሲያጋጥመው ግራ የሚጋባ የሚዲያ ሶፍትዌር ዛሬም አለ።

ቀጥሎ የፈቃድ ቡድኖች ይመጣሉ። ፎልደር ላይ ፈቃድ ሲሰጡ የሰውን ስም በፍጹም አያስገቡ፤ የሥራ ድርሻውንም በቀጥታ ባያስገቡ ይመረጣል። «ጥሬ-ቀረጻ-ማንበብ»፣ «ጥሬ-ቀረጻ-መጻፍ»፣ «ፕሮጀክት-መጻፍ» የሚሉ የፈቃድ ቡድኖች ይፍጠሩ፤ ፎልደሩ ላይ እነሱን ብቻ ያስቀምጡ፤ የሥራ ድርሻ ቡድኖቹን ደግሞ የእነሱ አባል ያድርጉ። ሰውየው በድርሻው ውስጥ፣ ድርሻው በፈቃዱ ውስጥ፣ ፈቃዱ በፎልደሩ ላይ ይሆናል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ የተንዛዛ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ረዳቶች ከአሁን በኋላ የግራፊክስ ፎልደር ውስጥ መጻፍ አለባቸው የሚል ውሳኔ ሲመጣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፋይሎች ላይ ፈቃድ ከመቀየር ይልቅ አንድ ቡድን ውስጥ አንድ አባል መጨመር ብቻ ይበቃል። ትልቅ ማከማቻ ላይ ፈቃድን ከላይ እስከ ታች መቀየር ሰዓታት ሊወስድ፣ ሥራም ሊያስተጓጉል ይችላል።

ጥሬ ቀረጻን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፦ ኤዲተር ጥሬ ቀረጻን ማንበብ እንጂ መጻፍም ሆነ መሰረዝ አያስፈልገውም። የመጻፍ ፈቃዱ ቀረጻ ለሚያስገቡትና ለአስተዳዳሪው ይሁን። ኤዲተሮች መጀመሪያ ላይ ቅሬታ ያሰማሉ፤ ቅሬታው ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ሶፍትዌራቸው ጊዜያዊ ፋይሎችን ከቀረጻው አጠገብ መጻፍ ስለለመደ ነው። መፍትሔው የጊዜያዊ ፋይሎቹን ቦታ በሶፍትዌሩ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ሌላ ፎልደር ማዞር ነው። ለዚህ ብሎ ጥሬ ቀረጻውን ለሁሉም መክፈት ተገቢ አይደለም።

በአጭር ውል የሚመጡ ባለሙያዎች የራሳቸው ሕግ ያስፈልጋቸዋል። አካውንታቸው ሲፈጠር የማብቂያ ቀኑ አብሮ ይግባ፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አለው። ውሉ ከተራዘመ ቀኑን ማራዘም የደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተረሳ ደግሞ አካውንቱ ራሱን ይዘጋል።

ማከማቻው በኤንኤፍኤስ (ሊነክስና ማክ ፋይልን በኔትወርክ በሚከፍቱበት መንገድ) የሚከፈት ከሆነ ከዕቅዱ ጋር አብሮ መታየት ያለበት አንድ ገደብ አለ። የተለመደው የኤንኤፍኤስ የማንነት አሰጣጥ ከአንድ ጥያቄ ጋር ሊልክ የሚችለው ቢበዛ 16 ተጨማሪ ቡድኖችን ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ ቡድን እየፈጠሩ ከሄዱ ብዙ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ሰው ገደቡን ያልፋል፤ 17ኛው ቡድን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቆረጣል፤ ሰውየው «ትናንት የሚከፈተው ፎልደር ዛሬ እንቢ አለኝ» ብሎ ይመጣል። ማከማቻ ሰርቨሩ የቡድን ዝርዝሩን ራሱ ከማውጫው እንዲጠይቅ ማዘዝ የሚቻልባቸው ሥርዓቶች አሉ፤ ካልሆነ ቡድኖቹን ይቀንሱ ወይም ከርቤሮስን (ማንነትን በጊዜ በተገደበ ትኬት የሚያረጋግጠውን ሥርዓት) ይጠቀሙ።

ደረጃ 2፦ አንድ የተጠቃሚ ስም ይምረጡ

አክቲቭ ዳይሬክተሪ ለአንድ ሰው ሁለት የመግቢያ ስም ይሰጣል፦ ሳም-አካውንት-ኔም የሚባለው አጭሩ፣ ከ20 ፊደል የማይበልጠው፤ ሌላው ደግሞ የኢሜይል አድራሻ የሚመስለው ዩዘር-ፕሪንሲፓል-ኔም። የትኛውንም ይምረጡ፤ ግን በማከማቻውም፣ በንብረት ማስተዳደሪያውም፣ በኮምፒውተሮቹም ላይ ያው ይሁን። ማከማቻው አንዱን፣ ሶፍትዌሩ ሌላውን ከተጠቀመ አንድ ሰው በምዝግቡ ላይ እንደ ሁለት ሰው ይታያል።

ሶፍትዌሩ ተጠቃሚን በምን እንደሚያስታውስም ያጣሩ። በስም የሚያስታውስ ከሆነ ስሟ የተቀየረ ሠራተኛ በአዲሱ ስሟ ስትገባ እንደ አዲስ ሰው ትቆጠራለች፤ የሠራቻቸው ቅደም ተከተሎችና የግል ፎልደሮቿ ባለቤት አልባ ይሆናሉ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ለእያንዳንዱ አካውንት የማይለወጥ መለያ አለው፤ ኦብጀክት-ጂዩአይዲ ይባላል። በኦፕን ኤልዳፕ ተመሳሳዩ ኤንትሪ-ዩዩአይዲ ነው። ሶፍትዌሩ የሚፈቅድ ከሆነ መለያው ይህ እንዲሆን ያድርጉ። ውሳኔው ከመጀመሪያው ተጠቃሚ በፊት መወሰን አለበት፤ ኋላ መቀየር እጅግ አድካሚ ነው።

ደረጃ 3፦ ኔትወርክ፣ ሰዓት፣ የስም አገልግሎት

የማምረቻ ኔትወርክ ብዙውን ጊዜ ከቢሮው ተነጥሎ የተሠራ ነው። የማውጫው ሰርቨር ደግሞ ያለው በቢሮው በኩል ነው። ሁለቱን ለማገናኘት አንዳንዶች የማውጫ ሰርቨሩ ላይ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ሰክተው ወደ ማከማቻው ኔትወርክ ያስገቡታል። ይህንን አያድርጉ። ሰርቨሩ ሁለቱንም አድራሻዎቹን በዲኤንኤስ (የኮምፒውተር ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ በሚቀይረው የስም አገልግሎት) ውስጥ ያስመዘግባል፤ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሊደርሱበት የማይችሉትን አድራሻ እየተቀበሉ መግቢያቸው ይጓተታል። በፋየርዎል በኩል መንገድ ይክፈቱ፤ የሚያስፈልጉት ፖርቶች እነዚህ ናቸው፦

• 636 ለተመሰጠረ ኤልዳፕ፤ 389 ደግሞ መደበኛ ሆኖ ጀምሮ በስታርት-ቲኤልኤስ ትእዛዝ ወደ ምስጠራ ለሚሻገር
• 3269 ለተመሰጠረ ግሎባል ካታሎግ (የሁሉም ዶሜይኖች የጋራ ማውጫ)፣ ከአንድ በላይ ዶሜይን (አብሮ የሚተዳደር የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች ክልል) ካለ ብቻ
• 88 ለከርቤሮስ፣ 464 ለይለፍ ቃል መቀየሪያ
• 53 ለዲኤንኤስ

ይህ ዝርዝር ለኤልዳፕ መግቢያ ነው፤ ኮምፒውተሮችን የዶሜይን አባል ለማድረግ ከዚህ በላይ፣ ለምሳሌ 445 እና 135፣ መከፈት አለባቸው።

ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚናቅ ነገር ነው። ከርቤሮስ በነባሪ የሚታገሠው የሰዓት ልዩነት 5 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም መግቢያ የለም። የሚዲያ ሥራ ደግሞ የራሱ የሰዓት ምንጭ አለው፤ አንዳንዱ ኮምፒውተር ሰዓቱን የሚወስደው ከታይም ኮድ ማመንጫው ነው። ማመንጫውና የማውጫው ሰርቨር ከአንድ ምንጭ ሰዓት እንዲቀበሉ ያድርጉ፤ አለበለዚያ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተራራቁ ሄደው አንድ ጠዋት ክፍሉ በሙሉ መግባት ያቅተዋል።

ሌላው የማምረቻ ኔትወርክ ጠባይ የፓኬት መጠን ነው። የማከማቻ ኔትወርኮች ብዙ ጊዜ በ9000 ባይት ይሠራሉ፤ የቢሮው 1500 ነው። ሁለቱም ጫፍ 9000 ሆኖ መሃል ያለ መሣሪያ 1500 ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ አጫጭር ጥያቄዎች ያልፋሉ፤ ረጅም የቡድን ዝርዝር ያለው መልስ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጥቂት ቡድን ያለው የሙከራ አካውንት በሰከንድ ይገባል፣ በብዙ ቡድን ውስጥ ያለው ነባር ሠራተኛ ሲሞክር ገጹ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ የጥያቄ አካውንት ይፍጠሩ

መግቢያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ስህተት ለማግኘት ይረዳል። ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ በራሱ የጥያቄ አካውንት ከማውጫው ጋር ይገናኛል፤ በሁለተኛ ደረጃ ስሙን ይፈልግና ሙሉ አድራሻውን፣ ዲኤን የሚባለውን፣ ያገኛል፤ በመጨረሻ በዚያ አድራሻና ተጠቃሚው ባስገባው የይለፍ ቃል እንደገና ለመገናኘት ይሞክራል። የመጨረሻው ሙከራ ከተሳካ ሰውየው ነኝ ያለው ራሱ ነው ማለት ነው።

የጥያቄ አካውንቱ ማንበብ ብቻ የሚችል ይሁን። የዶሜይን አስተዳዳሪ አካውንት እዚህ ማስገባት ቅንጦት ሳይሆን አደጋ ነው፤ የይለፍ ቃሉ የሚቀመጠው በሶፍትዌሩ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ነው፣ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ድርጅቱን በሙሉ ይይዛል። ረጅም የይለፍ ቃል ይስጡት፣ በኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ መግባት እንዳይችል ይከልክሉት፣ የይለፍ ቃሉ የሚቀየርበትን ቀን ደግሞ በሥራ ቀን መቁጠሪያ ላይ ያስፍሩ።

ደረጃ 5፦ ምስጠራውን አስቀድመው ያብሩ

ሳይመሰጠር በሚደረግ ቀላል የኤልዳፕ ግንኙነት የይለፍ ቃል በኔትወርኩ ላይ እንዳለ ያልፋል። «ለሙከራ ብቻ» ተብሎ በ389 የተጀመረ ግንኙነት ለዓመታት እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ሙከራ ጀምሮ 636 ወይም ስታርት-ቲኤልኤስ ይጠቀሙ።

የማውጫው ሰርቨር ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) ያስፈልገዋል። ሰርተፍኬቱን የሰጠው ባለሥልጣን የድርጅቱ የራሱ ከሆነ የባለሥልጣኑን ዋና ሰርተፍኬት ወደ ሚዲያ ሥርዓቱ ያስገቡ፤ ራሱን የቻለ ሶፍትዌር የራሱ የሰርተፍኬት ሣጥን ሊኖረው ስለሚችል በኮምፒውተሩ ላይ መጫኑ ብቻ ላይበቃ ይችላል። በማዋቀሪያው ላይ ሰርቨሩን በቁጥር አድራሻ አይጥሩ፤ ሰርተፍኬቱ ላይ በተጻፈው ሙሉ ስም ይጥሩት። «ሰርተፍኬቱን አታጣራ» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሣጥን ካዩ ባዶውን ይተዉት፤ ምልክት ካደረጉበት ምስጠራው ቢኖርም ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ማረጋገጫ የለዎትም። የሰርተፍኬቱን የማብቂያ ቀንም ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከወር በፊት የሚያስታውስ ማንቂያ ያዘጋጁለት።

ደረጃ 6፦ ቅጹን ይሙሉ

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ የማዋቀሪያ ገጽ መግባት ይችላሉ።

የሰርቨር ስም፦ ቢያንስ ሁለት ያስገቡ። አንዱ ለጥገና ሲጠፋ ሌላው ይመልስ።

የፍለጋ መነሻ፦ ፍለጋው የሚጀምርበት የማውጫው ቅርንጫፍ ነው። ከዶሜይኑ ሥር ከጀመሩ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ከሚፈለገው መልስ ጋር «እዚያም ጠይቅ» የሚሉ ጥቆማዎችን ይልካል፤ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ሲከተል መግቢያው በብዙ ሰከንድ ይዘገያል። ተጠቃሚዎቹ ካሉበት ቅርንጫፍ ይጀምሩ፤ ካልተቻለ ጥቆማ መከተልን ያጥፉ።

ማጣሪያ፦ ማጣሪያው ሦስት ነገር ይጠይቅ። አካውንቱ የሰው ነው? ታግዷል? የ«ሚዲያ-ሁሉም» አባል ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ ወጥመድ አለ። የተለመደው የአባልነት ጥያቄ የሚያየው ቀጥተኛ አባልነትን ብቻ ነው። ኤዲተሩ የ«ሚዲያ-ኤዲተር» አባል ነው፤ «ሚዲያ-ኤዲተር» ደግሞ የ«ሚዲያ-ሁሉም»፤ ስለዚህ በቀጥታ ሲጠየቅ ኤዲተሩ «ሚዲያ-ሁሉም» ውስጥ አይገኝም። በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሰንሰለቱን ተከትሎ እንዲፈልግ የሚያዝዘው የማዛመጃ ደንብ ቁጥር 1.2.840.113556.1.4.1941 ነው፤ በአባልነት ጥያቄው ውስጥ ይገባል። ሶፍትዌሩ «የተደራረቡ ቡድኖች» የሚል የራሱ ማብሪያ ካለው እሱን መጠቀሙ ይቀላል። የታገዱትን ለማስቀረት የሚያገለግለው ደንብ ደግሞ 1.2.840.113556.1.4.803 ነው፤ በአካውንቱ የቁጥጥር መስክ ውስጥ 2 የሚለውን ምልክት ይፈልጋል።

የገጽ መጠን፦ አክቲቭ ዳይሬክተሪ በነባሪ ለአንድ ጥያቄ ከ1000 በላይ መልስ አይሰጥም። ሶፍትዌሩ መልሱን በገጽ በገጽ እንዲቀበል ካላዘዙት ከ1000 በላይ ሰው ያለበት ድርጅት ውስጥ አንዳንዶቹ ዝርዝሩ ላይ አይታዩም።

የሶፍትዌሩ የመግቢያ ገጽ ሳምል ወይም ኦፕን-አይዲ-ኮኔክት (መግቢያውን ወደ ማዕከላዊ የመግቢያ ገጽ የሚያስተላልፉ ደንቦች) የሚደግፍ ከሆነ በብሮውዘር ለሚገቡት ፕሮዲዩሰሮች እሱን ያስቀድሙ፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ በስልክ መጠየቅ የሚቻለው በዚያ መንገድ በቀላሉ ነው። ማከማቻው ግን ከማውጫው ጋር ያለው ግንኙነት እንዳለ ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ ከመክፈትዎ በፊት ይፈትኑ

አራት የሙከራ አካውንቶች ይበቃሉ፦ አንድ ኤዲተር፣ አንድ ፕሮዲዩሰር፣ አንድ የታገደ፣ አንድ ደግሞ ከሚዲያ ቡድኖች ውጪ ያለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መግባት፣ ሌሎቹ መከልከል አለባቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይፈትንና ይደሰታል።

ከዚያ ትክክለኛ የተጠቃሚ ስም አስገብተው የይለፍ ቃሉን ባዶ ይተዉና መግቢያውን ይጫኑ። ይህ የቀልድ ሙከራ አይደለም። በኤልዳፕ ደንብ ስም ተሰጥቶ የይለፍ ቃሉ ባዶ የሆነ ግንኙነት ስሙ ያልተረጋገጠ ግንኙነት ተብሎ «ተሳክቷል» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ባዶ የይለፍ ቃልን አስቀድሞ የማይከለክል ሶፍትዌር ይህንን መልስ እንደ ትክክለኛ መግቢያ ይቆጥረውና በሩን ይከፍታል። ከገቡ ሥራውን ያቁሙ፤ የሶፍትዌሩ አምራች እስኪያስተካክለው ድረስ አይቀጥሉ።

መግቢያ ሲከለከል ሶፍትዌሩ ለተጠቃሚው የሚያሳየው «ስም ወይም የይለፍ ቃል ተሳስቷል» የሚል ብቻ ነው። የሰርቨሩ ምዝግብ ግን የበለጠ ይናገራል። ስህተት 49 የሚለውን ይፈልጉ፤ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ከመጣ አጠገቡ ሌላ ኮድ አለ፦

525፦ እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም
52ኢ (52e)፦ የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው
532፦ የይለፍ ቃሉ ጊዜው አልፏል
533፦ አካውንቱ ታግዷል
701፦ የአካውንቱ ማብቂያ ቀን አልፏል
773፦ ተጠቃሚው መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን መቀየር አለበት
775፦ አካውንቱ ተቆልፏል

773 አዲስ ሠራተኞችን የሚያስለቅስ ነው። የሰው ኃይል ክፍል አካውንቱን «በመጀመሪያ መግቢያ ይቀየር» ብሎ ይፈጥረዋል፤ ሠራተኛው ደግሞ የመጀመሪያ መግቢያውን የሚያደርገው በሚዲያው ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ገጽ የለውም። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ በዶሜይኑ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ የይለፍ ቃሉን እንዲቀይር ያድርጉ።

ደረጃ 8፦ የፋይል ባለቤትነት

የጋራው ስም እስካለ ድረስ የተሸፈነ ችግር አሁን ይወጣል። ሁሉም «ኤዲት 1» በነበሩበት ጊዜ እያንዳንዱ ፋይል የአንድ ባለቤት ነበር፤ ማንም የማንንም ይከፍታል። ከዛሬ ጀምሮ ረዳቷ የፈጠረችው ፎልደር የእሷ ነው። ማታ ኤዲተሩ መጥቶ ሲከፍተው «መጻፍ አይቻልም» ይለዋል። ጥፋቱ የማውጫው ይመስላል፤ የማከማቻው ነው።

ዊንዶውስና ኤስኤምቢ (የዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ መንገድ) ላይ የፈቃድ ዝርዝሩ ከላይኛው ፎልደር ወደ ታች እንዲወረስ ያድርጉ፤ ፈቃዱ «ፕሮጀክት-መጻፍ» ለሚለው ቡድን እንጂ ለፈጣሪው ብቻ አይሁን። ሊነክስ ላይ የጋራ ፎልደሮቹ ላይ አዲስ ፋይል የፎልደሩን ቡድን እንዲወርስ የሚያደርገውን ምልክት ያብሩ፤ ነባሪው የፋይል ፈቃድም ቡድኑ እንዲጽፍ ይፍቀድ። ጊዜያዊ የምስልና የድምፅ ፋይሎች የሚቀመጡባቸውን ፎልደሮች አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከሁሉ በፊት የሚታየው እዚያ ነው፤ ስህተቱ ደግሞ «ሚዲያው ከመስመር ውጪ ነው» የሚል ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል።

ማክና ሊነክስ ካለ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። በእነዚህ ሥርዓቶች ሰው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚታወቀው። ማክ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር ሲገናኝ በነባሪ ቁጥሩን ራሱ ያሰላዋል፣ ከአካውንቱ የማይለወጥ መለያ ተነስቶ። ሊነክስን ከማውጫው ጋር የሚያገናኘው ኤስኤስኤስዲ ደግሞ በሌላ ስሌት ከደህንነት መለያው ያወጣዋል። ሁለቱ ቁጥሮች አይገናኙም። በኤንኤፍኤስ ማከማቻ ላይ አንዷ ሠራተኛ በማክ የጻፈችውን ፋይል በሊነክስ ስትከፍት የሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቃታል። መፍትሔው በማውጫው ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ዩአይዲ-ነምበር፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ጂአይዲ-ነምበር መመደብ፣ ከዚያም ማኩም ሊነክሱም ራሳቸው ማስላታቸውን ትተው እነዚህን እንዲያነቡ ማድረግ ነው። ሁሉም በኤስኤምቢ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይህ ችግር በአብዛኛው አይነካዎትም።

አንድ ሰው ወደ አዲስ ቡድን ሲጨመር ለውጡ ወዲያው አይታይም። የቡድን አባልነቱ የሚነበበው ሲገባ ነው፤ ወጥቶ እንደገና ይግባ። ለድጋፍ ክፍል ከሚደርሱ ጥሪዎች ስንቱ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደሚያልቅ ያዩታል።

ደረጃ 9፦ ለማሽኖች የራሳቸው አካውንት

በሌሊት ፋይል የሚቀይሩ፣ ምስል የሚያሰሉ (ሬንደር የሚያደርጉ) እና ወደ ማኅደር የሚያሻግሩ ኮምፒውተሮች በሰው ስም መግባት የለባቸውም። የአንድ ኤዲተር አካውንት ተሰጥቷቸው ከሆነ እሱ የይለፍ ቃሉን የቀየረ ማታ ሥራው ይቆማል። የባሰም አለ፦ ማሽኑ አሮጌውን የይለፍ ቃል እየደጋገመ ሲሞክር የኤዲተሩ አካውንት ይቆለፋል፤ ሲከፈትለት እንደገና ይቆለፋል፤ ሰውየው የሚያውቀው ነገር የለም። እንዲህ ካጋጠመ በማውጫ ሰርቨሩ የደህንነት ምዝግብ ውስጥ 4740 የሚለውን ክስተት ይፈልጉ፤ አካውንቱን ያስቆለፈውን ኮምፒውተር ስም ይነግርዎታል።

ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ የአገልግሎት አካውንት ይፍጠሩ፤ የሚያስፈልገውን ፎልደር ብቻ ይክፈቱለት።

ደረጃ 10፦ ማውጫው የጠፋ ዕለት

ስርጭት ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ማውጫው መልስ ቢያጣ ምን ይደረጋል? በማከማቻውና በንብረት ማስተዳደሪያው ላይ ከማውጫው ጋር ያልተገናኘ አንድ የአደጋ ጊዜ የአስተዳዳሪ አካውንት ይኑር። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ፣ የተከፈተ ዕለት ይቀየር። የኤዲቲንግ ኮምፒውተሮቹስ? ዊንዶውስ በነባሪ በቅርቡ የገቡ 10 ተጠቃሚዎችን ያስታውሳል፤ እነዚያ ማውጫው ባይኖርም ኮምፒውተሩ ላይ መግባት ይችላሉ። ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት ክፍል 10 በቂ ላይሆን ስለሚችል ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ላይ መግባት ግን ማከማቻውን መክፈት አይደለም፤ ማከማቻው ማውጫውን የሚጠይቀው ለብቻው ነው። ይህንን በወረቀት ላይ አይመኑ፦ ሥራ በሌለበት ሰዓት ወደ ማውጫው የሚወስደውን መንገድ በፋየርዎሉ ላይ ዘግተው ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚቆም ይመዝግቡ።

ደረጃ 11፦ ሽግግሩ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንድ ክፍል ብቻ ይምረጡ፤ በሁለት ፕሮጀክቶች መካከል ያለ ክፍተት ይጠብቁ። ተከታታይ ፕሮግራም መሃል ላይ የሁሉንም መግቢያ መቀየር አይመከርም፤ ቴክኒኩ ቢሳካ እንኳ የሰዎቹ የኪቦርድ አቋራጮችና የግል ማስተካከያዎች በአሮጌው ስም ሥር ስለሚቀሩ የመጀመሪያው ቀን በቅሬታ ያልፋል። ማስተካከያዎቹን ከሽግግሩ በፊት በፋይል አውጥተው በአዲሱ አካውንት ውስጥ ይመልሱላቸው። ከባድ ጊዜያዊ ፋይሎች ደግሞ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ እንዳይጠራቀሙ አቅጣጫቸውን ያዙሩ፤ ሰው በተፈራረቀ ቁጥር የኮምፒውተሩ ዲስክ ይሞላል።

በሶፍትዌሩ ውስጥ የነበረ የአካባቢ ተጠቃሚና ከማውጫው የመጣው ተጠቃሚ ስም አንድ ከሆነ ብዙ ሶፍትዌሮች የአካባቢውን ያስቀድማሉ፤ ሰውየው በአሮጌው የይለፍ ቃል መግባቱን ይቀጥላል። የአካባቢዎቹን ስም አስቀድመው ይቀይሩ፣ የፕሮጀክቶቹን ባለቤትነት ወደ አዲሱ ያዛውሩ፣ አሮጌውን ያግዱ። ወዲያው አይሰርዙት፤ የተረሳ ቁልፍ የያዘ ፎልደር ሊኖር ይችላል። «ኤዲት 1» የመጨረሻው ይሁን፤ ከታገደ በኋላ ምዝግቡን ለጥቂት ጊዜ ይከታተሉ፤ የሚያንኳኳ ማሽን ካለ ራሱን ያሳውቃል።

ሰው ሲሰናበት

በማውጫው ውስጥ አካውንት ማገድ አዲስ መግቢያን ይከለክላል፤ አሁን የተከፈተውን አያቋርጥም። የከርቤሮስ ትኬት በነባሪ ለ10 ሰዓት ይሠራል፤ ከማከማቻው ጋር ያለው የኤስኤምቢ ግንኙነትም ኮምፒውተሩ እስካልተዘጋ ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ አካውንቱን በማውጫው ያግዱ፤ በማከማቻው ላይ በስሙ የተከፈቱትን ግንኙነቶች ይቁረጡ፤ በንብረት ማስተዳደሪያው ላይ ክፍለ ጊዜውን ያቋርጡ፤ በስሙ የተቆለፉ ፕሮጀክቶችን ለተተኪው ይክፈቱ፤ ከዚያ የፎልደሮቹን ባለቤትነት ያዛውሩ። አካውንቱን ከማውጫው የሚሰርዙት ባለቤትነቱ ተዛውሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከሰረዙት በማከማቻው ላይ በስሙ ቦታ የሚቀረው የማንነት ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ የማን እንደነበረ ለማወቅም የድሮ ምዝግብ ማገላበጥ ይጠይቃል።